የጎረቤላው ጋቢ

መጀመሪያ ያመማት ወገቧን ነው። ባለቤቴ አስካለ ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመችና "ወገቤን ቆረጠኝ" አለችኝ። ተቀብዬ አወረድኩላት። ረፋድ ላይ ራሷን በሻሽ አስራ ተኛች። ቀትር ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

የሁዳዴ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የአክስቷ ልጅ ጎረቤላ በሚባለው መንደር ሞታባት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጣ ነበር የተመለሰችው። ስትመጣ የሟቿን ጋቢ ለማስታወሻ ሰጥተዋታል፤ ገና አዲስ፣ ጥጡ ያልሳሳ ጋቢ። ስለዚህ ጋቢ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን የምጽፈው ቤቱ ተስቦ ለገባበት ሰው ነው። እኔ ያን ጊዜ አንኮበር ላይ ብራና እየፋቅኩ መጽሐፍ የምገለብጥ ቁም ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ፈሪም ነበርኩ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ።

በሦስተኛው ቀን የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆነ። ሰው መለየት ተሳናት። "ተስቦ" የሚለውን ቃል ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረውም፤ ጎረቤት ግን አውቋል። እህልና ውሃውን ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ አኑሮ፣ ስሜን ጠርቶ፣ ሳላየው ይሄዳል። በአገራችን ተስቦ የሚያስታምመው እሱም ታሞ የተነሣ ሰው ነው፤ አንዴ የወጣለትን ደግሞ አይነካውም ይባላል። በሰፈራችን እንዲህ ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ዘመድ ልትጠይቅ ሰላ ድንጋይ ሄዳለች።

የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ፈራሁ። ውሃ በቅል እቀዳለሁ። ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጬ በበትር ወደ መደቧ እገፋዋለሁ። እጇን ዘርግታ ትስተዋለች። ይደፋል። እንደገና እቀዳለሁ። እንደገና በበትር እገፋለሁ። ሚስቴ ናት። አራት ዓመት በአንድ ትራስ ተኝተናል።

በአራተኛው ቀን ሙሴ መጣ። ወንጌል ሊያስተምር ከባሕር ማዶ የመጣ ሚሲዮን ነው፤ ዕድሜው ከሃያ ሁለት አይበልጥም። ስሙ ለአፋችን ስለከበደ እንደ ሌሎቹ ፈረንጆች ሙሴ ብቻ እንለው ነበር። ወደ ደብረ ብርሃን የሚያልፍበትን ፈቃድ አንኮበር ሆኖ ይጠብቃል። እኔ ዘንድ የመጣው የቁም ጽሕፈት ላሳየው ነው። "ተስቦ አለ፤ አይግቡ!" ብዬ ከግቢው ጮህኩበት። አማርኛን የተማረው ከመጽሐፍ ስለነበር አነጋገሩ እንደ ስብከት ነው።

"ስለዚህ እገባ ዘንድ ይገባኛል" አለና ጎንበስ ብሎ ገባ።

መሬት ላይ ያለውን ቅልና የእኔን በትር አየ። ራሷን በክንዱ ደግፎ አጠጣት። ጎርጎር እያለ ሲወርድ እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። እፍረቱ ያን ቀን አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ "ይህ ሰው አብዷል እንዴ?" የሚል ብቻ ነበር።

ከደረት ኪሱ ቀጭን ብርጭቆ አወጣ፤ ቴርሞሜትር ይለዋል። በብብቷ አቆይቶ ሲያየው ከአርባ አልፏል። አንድ ትንሽ መጽሐፍ ገልጦ "ፌብሪስ ሪኩረንስ" አለ፤ እየተመለሰ የሚይዝ ትኩሳት ማለት ነው። ሐኪም አለመሆኑን ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ በአገሩ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጥቂት ወራት አገልግሏል፣ በቃ። ኪኒን ሁለት ቀን ሰጣት። ሙቀቱ አልበረደም፤ ተወው።

ቆሻሻ በሽታ ያከርማል ብሎ የቤቱን ልብስ ሁሉ እንድቀቅል አዘዘኝ። ግቢ ውስጥ ትልቁን ድስት ጥጄ ቀቀልኩ። የጎረቤላውን ጋቢ ግን ከብራናዎቼ ጋር ሣጥን ውስጥ ደበቅኩት። የሟች ማስታወሻ እንደ እድፍ ጨርቅ ይቀቀላል?

ሙሴ ኮቱን አውልቆ ለእሷ አልብሷት ነበር። ከቆላው የሚወጣው ጉም አንኮበርን ሲሸፍን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ልጁ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እንግዳ ደግሞ የሚለብሰው ከቤት ያለውን ምርጡን ነው። ሣጥኔን ከፍቼ ጋቢውን አለበስኩት። ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል ሰው የሚሠራውን አንድ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ባሰባት። ትንፋሿ አጠረ። ስሜን እየጠራች እኔን አታውቀኝም። ከዚያ ላብ አጠመቃት። ቁርበቱ ራሰ። እጇ በረደ። ሙሴ ብርጭቆውን አየ። ነጭ ፊቱ የባሰ ነጣ። "ድንጋይ አሙቅ!" አለኝ። አሞቅኩ። ከበሩ አቀበልኩት። በጨርቅ እየጠቀለለ እግሯ ሥር አደረገ። ከንፈሯ ጠቆረ። ሞተች አልኩ። ወጥቼ አጥሩን ያዝኩ። መጸለይ አቃተኝ፤ ቃሉ ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ከውስጥ "ውሃ" የሚል ሰማሁ። የእሷ ድምፅ ነበር።

ሙቀቱ ለቀቃት። አቅም ግን አልነበራትም፤ ጣቷን ማንሣት ያቅታታል። ሙሴ "እነሆ፣ ወተት ካልጠጣች ትደክማለች፤ ደክማም ትሞታለች" አለ። አስካለ ዓይኗን ሳትገልጥ "በሁዳዴ? አልጠጣም" አለች። ለመናት፤ ጥርሷን ነከሰች። እኔም ብሆን ጾም አስገድፌ ኩነኔ እንዳልገባ ፈራሁ። ወደ ነፍስ አባታችን ወደ መምሬ ወልዴ ሮጥኩ። እዚያም ሌላ ፍርሃት ነበረኝ፤ "የማርያም ጠላት" የሚባል ሚሲዮን ቤቴ አስገብቻለሁ። ከሩቅ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ወተቱን ያዘዘው ያ ፈረንጅ ነው?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"እሱ ባያዝዝ እኔ አዝዝ ነበር። ሕመምተኛ ምን ጾም አለበት? ፈትቻታለሁ በላት። ደግሞ ወተቱን አንተ አጠጣት፤ ባሏ አንተ ነህ፣ እሱ አይደለም።"

ነገሩን አድርሻለሁ፤ ወተቱን ያጠጣት ግን ያው ሙሴ ነው።

በመጣ በስምንተኛው ቀን ፈቃዱ ደረሰ። ሲሰናበተኝ "ሕመሙ በሰባት ቀን ይመለስ ይሆናል፤ ከመደብ አትነሣ" አለኝ። ጋቢውን ሊመልስ ሲያወልቅ ለመንገዱ ብርድ ብዬ በግድ አስያዝኩት።

ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ እንዲሉ፣ አስካለ ሁለት ሦስት ቀን ወተት ጠጥታ ስትበረታ ምክሩን ረሳን። ተነሥታ እህል ታበጥር ጀመር። ግርሻው እሰፌዱ ላይ ያዛት። ያው ወገብ። ያው ብርድ። አሁን ሙሴ የለም። ቅሉን ቀዳሁ። በትሩ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። አየሁት። ገባሁና ራሷን በክንዴ ደገፍኩ፤ እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት። ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ጠጣች። ግርሻው አራት ቀን ቆይቶ ለቀቃት፤ እኔም አልሞትኩም።

ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ከደብረ ብርሃን የተመለሱ ነጋዴዎች ያ ፈረንጅ እዚያ መውደቁን፣ አንዴ ተሽሎት እንደገና ማገርሸቱን፣ የሚቀርበውም ሰው እንደሌለ ያወሩልን። አስካለ ጠጉሯ ረግፎ፣ በምርኩዝ እየሄደች ሳለች "እኔ እሄዳለሁ፤ እኔን አይዘኝም፣ ወጥቶልኛል" አለች። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳታል? መምሬ ወልዴ እያጉረመረሙ በቅሏቸውን አዋሱን፤ እኔ እየሳብኩ፣ እሷ በቅሎዋ ላይ ሆና እያረፈች፣ በሁለተኛው ቀን ደረስን። ሙሴን ያገኘነው በአንድ ባዶ ጎጆ ውስጥ በዚያው ጋቢ ተሸፋፍኖ ነው። አስካለ ራሱን ደግፋ ወተት አጠጣችው፤ ልብሱንም ሁሉ እሱ እንዳስተማረን ቀቀለች፤ ጋቢውንም ጭምር፣ እኔን ሳትጠይቅ። ቅር አለኝ። በአምስተኛው ቀን ቁጭ ብሎ "እነሆ፣ ርቦኛል" ሲል ሦስታችንም ሳቅን። ወር ሳይሞላ ወደ ቆላው መንገድ ወርዶ አገራችንን ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን አልሰማሁም።

ብዙ ዓመት አለፈ። ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሐኪም ሲናገር ሰማሁ፤ ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው የልብስ ቅማል ነው። ተቀምጬ ባልሰማው ኖሮ እወድቅ ነበር። ሚስቴን ያዳነውን ልጅ ያሳመምኩት በገዛ እጄ ነው። በሰው በኩል የፈራሁትን ሁሉ ፈርቼ፣ የሚፈራውን ከነጋቢው አጣጥፌ አለበስኩት። ይቅር በለኝ የምለው ሰው የት እንዳለ አላውቅም።

ቤት ስመለስ ለአስካለ እያለቀስኩ ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ደብረ ብርሃን ስቀቅለው ከላዩ የተንሳፈፈውን ቅማል አይቼ ሕመሙ ከዚያ እንደመጣ ጠረጠርኩ። ልብሱን ቀቅል ሲልህ ምን እንደደበቅክበትም ገባኝ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ፈሪ ነህ። ብነግርህ ዳግመኛ ለእንግዳ ጋቢ አትሰጥም ብዬ ነዋ።"

አስካለን በሕይወት ያቆየልኝ አምላክ ይመስገን፤ ያንን ልጅም ባለበት ይጠብቅልኝ። ቤታችሁ ተስቦ ሲገባ እንደ እኔ በትር አታንሡ፤ የታመመውን ቀርባችሁ አጠጡት። ላብ አውጥቶ ሙቀቱ ሲለቀው ድኗል ብላችሁ ቶሎ አታስነሡት፤ ግርሻውን ጠብቁ። ልብሱን አንድ ሳታስቀሩ ቀቅሉ፣ የሟች ማስታወሻም ቢሆን። እንግዳም ብርድ ሲመታው ካያችሁ ጋቢ አትከልክሉት፤ ቀቅላችሁ ስጡት።