የህልም እቁብ

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ጎሚስታ ነኝ። ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ከተማውን ሲውጠው ኮምፕሬሰሬ ከእሱ ሌላ የሚስበው አየር አያገኝም። አንድ ክረምት ጎማውን የሞላሁለት ሚኒባስ ደብረ ብርሃን ድረስ መሬት ሳይነካ ገብቷል። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ እንደ ላባ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። ተሳፋሪው ሁሉ ምስክሬ ነው፤ ተኝተው ስለነበር ግን አላዩም።

እንዲህ ዓይነት ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል ድርሰት የሚጽፉ ሰዎች ቤቴን መሰብሰቢያ ያደረጉት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ሲሳሳ፣ አራት ሆነን አሮጌ ጎማ ላይ እንቀመጣለን። አንዱ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። አንዷ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ እሷ የጻፈችው ታሪክ ውስጥ ሳያስል የሚያልፍ ሰው የለም። ሌላዋ እትዬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፤ የከተማውን ግማሽ ፊደል አስቆጥረዋል፣ ሌላውን ግማሽ ቆንጥጠዋል። አራተኛው እኔ ነኝ። አምስተኛችን ዓለም ከተማ ስለሚኖር ድርሰቱን በቴሌግራም፣ በድምፁ ነው የሚልክልን።

ማኅበራችን እቁብ ነው፤ ብር የሌለው እቁብ። ስማችን በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ዕጣ የወጣለት ሰው አንድ መነሻ ይሰጣል፤ «የጠፋ ቁልፍ» ይላል፤ «ሳይጠራ ሠርግ የሄደ ሰው» ይላል። የቀረነው በዚያ መነሻ አጭር ልብወለድ ጽፈን በሳምንቱ እናነብለታለን፤ ከዚያ ወዲያ ድርሰቶቹ የእሱ ናቸው። መሪጌታ ያስገቡት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ እንደ ቅኔ ቤቱ፣ ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም።

ውርጭ መውረድ በጀመረበት ሰሞን ዕጣው ለእትዬ ወጣ። ወረቀቱን በጣታቸው እያሻሹ፣

«ህልም ጻፉልኝ» አሉ።

«ምን ዓይነት ህልም፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ።

«እሱ ያለበት።»

እሱ የሚሉት ባላቸውን ነው። ከቀበርነው ዓመት ሊሞላው ነበር። አንቱ ሲሉት ዞሮ ከኋላው ሌላ ሰው የሚፈልግ ሽማግሌ ስለነበር፣ ከልጅ እስከ አዋቂ አንተ እያልን ነው የሸኘነው።

«ሰው ሁሉ በህልሙ አይቶታል» አሉ እትዬ። «መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ አየሁት አለኝ። ቀጥሎ የቀበሌው ዘበኛ። አሁን ደግሞ በወሰን የተካሰስነው ጎረቤቴ፣ ከብቱን ልጁን ጠይቆኝ ሄደ ይለኛል። እኔ ዘንድ አንድ ቀን አልመጣም። የመጨረሻ ለት እንኳ ምሳው ቀዝቅዞ ነው የደረሰው፤ ተቆጣሁት። ተቀይሞኝ ይሆን እላለሁ።»

መሪጌታ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። «ህልም ይታያል እንጂ አይጻፍም።»

«እንግዲያስ ልብወለድ በሉት። ስተኛ አነበዋለሁ፤ ምናልባት በእሱ በኩል መንገዱን ያገኘው ይሆናል።»

ያን ሳምንት ጎማ ስፈታ ስገጥም እሱን ሳስብ ሰነበትኩ። ሰውዬው ሰላምታ ማሳጠር አያውቅም ነበር። ለክርስትና ተጠርቶ ልጁ ዲቁና ሲቀበል ደርሷል ብዬ ባወራ የሚከራከረኝ የመንዝ ሰው የለም። እትዬ ሲቆጡት፣ «ሰው እንዴት ይታለፋል» ይል ነበር፣ ጋቢው ውስጥ እንደተጀቦነ።

ቅዳሜ ሲደርስ መሪጌታ አስቀድመው አነበቡ። በእሳቸው ህልም ሰውዬው ነጭ ለብሶ ጧፍ ይዞ ቆሞ ነበር፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

«ዝም ካለ እሱ አይደለም» አሉ እትዬ።

ልጅቷ በጻፈችው ህልም ሲያሠቃየው የኖረው ሳል ለቆት እየሳቀ መጣ። እትዬን ይኼ ደስ አሰኛቸው፤ አገላብጠው ሳሟት። የዓለም ከተማው ድርሰት ቆላ ቆላ ይሸታል፤ ሰውዬው ዋርካ ሥር ጋቢውን አውልቆ ነፋስ ይቀበላል።

«ጋቢውን ያወለቀው ሲገንዙት ብቻ ነው» አሉ እትዬ። «አንተ ቀጣፊ፣ ተራው ያንተ ነው።»

የእኔ ህልም እንዲህ ነበር። ሰውዬው ከሞላሌ ገበያ አንድ ሙክት በግ ገዝቶ ይመለሳል። መንገድ ላይ ሰው ያገኝና ሰላምታ ይጀምራል፤ አዝመራው፣ ከብቱ፣ የአማቺቱ ወገብ ሳይቀር ይጠየቃል። በጉ ይቆማል። ቁሞ ቁሞ ጠጉሩ አድጎ መሬት ይጠርጋል፤ አንድ ሁለት ባና ብርድ ልብስ የሚወጣው ይሆናል። በመጨረሻ ይሰለቸውና ገመዱን እየጎተተ ብቻውን ወደ ቤት ይመጣል፤ በሩን በቀንዱ ያንኳኳል። እትዬ ከፍተው፣ «ጌታህስ?» ይሉታል። በጉ ዞሮ መንገዱን ያያል።

እዚያ ላይ ቆምኩ። መኪና ያበረርኩ ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ደጃፍ አሻግሬ ማስገባት አቃተኝ። እትዬ ግን ከጎማው ላይ ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ፤ ወረቀቶቹን አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ሄዱ።

በሳምንቱ ጉሙ የገዛ እጄን ጠርቼ የማገኝበት ዓይነት ጉም ነበር። ፍየል ይሁን ሰው የማይለይ ጥላ በደጃፌ ያልፋል፤ ከገበያው የሚሰማው ጫጫታ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። እትዬ ዘግይተው መጡ።

«አየሁ» አሉ፣ ሳይቀመጡ።

«መጣ?» አልኩ።

«አልመጣም። ያንተ በግ መጣ።»

ማናችንም አልሳቅንም።

«በሩን ስከፍት ጉሙ አብሮት ገባ። ጠጉሩ ርሷል። ገመዱ አንገቱ ላይ ነው፣ እሱ እንደሚቋጥረው ተቋጥሮ። ጌታህስ አልኩት።»

«ምን አለ?» አለች ልጅቷ።

«በግ ምን ይላል፣ ልጄ። ዞሮ መንገዱን አየና ነቃሁ።» ተቀመጡ። «ብቻውን መምጣቱ ምንድን ነው? ቁርጡን ነግሮኝ ይሆን? እስቲ ፍቱልኝ።»

ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ስለዚህ ለመፍታት ማንም አይደፍርም። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «በጉን የላክኸው አንተ ነህ።»

እኔ ለሰማይ ምሰሶ የማላጣ ሰው፣ ያን ዕለት አንዲት የረባ ውሸት አጣሁ። መሪጌታ ወደ እትዬ ጠጋ አሉና፣

«በጉ ከደረሰ እሱ መንገድ ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የሰዉን ደጅ ሁሉ ሳይሳለም መቼ ቤቱ ገብቶ ያውቃል?»

እትዬ በእጃቸው አየሩ ላይ መንገድ ማስመር ጀመሩ። «ወፍጮ ቤቱ ከላይ ነው» አሉ ለራሳቸው። «ከዚያ ወረድ ሲሉ ዘበኛው። ከዚያ ወሰንተኛው። ከወሰንተኛው ወዲህ የእኛ አጥር ነው።» እጃቸው እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ ብድግ አሉ።

«ዕጣ ሳናወጣ፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ።

«እናንተው አውጡ። እኔ ልሂድ፣ በሩ ተዘግቶ እንዳያገኘው።»

«ገና እኮ ቀን ነው።»

«እሱ ሰዓት መቼ ያውቃል።»

ጉሙ ውስጥ ገቡ። መጀመሪያ እግራቸው ጠፋ፣ ከዚያ ነጠላቸው። ጣሳውን አንሥቼ መነቅነቅ ስጀምር ድምፃቸው ከመንገዱ መጣ።

«እንዴት ዋልህ? ደኅና ነህ? ከብቱስ? ገብሱንስ ውርጭ አልነካውም?»

በሰላምታው ስንት ዘመን ባላቸውን የተቆጡት ሴትዮ ቆመው አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። የሚመልስላቸው ሰው ድምፅ ግን አይሰማም።

«ጉሙ ውጦት ነው» አሉ መሪጌታ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ለወሬው ቀንድም ጭራም አበቅልለት ነበር። ይኸን ግን የሰማሁትን ያህል ብቻ ነው የጻፍኩት። ሰላምታው አላልቅ ብሎ፣ ጣሳው እጄ ላይ እንዳለ፣ ዕጣውን ሳናወጣ መሸ።