ባለቤቴ መጽሐፏን ነፃ ያወጣች ለት

ባለቤቴ ሰው ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም፤ ትከሻውን ነው። ገና እጁን ሳትጨብጥ በዓይኗ ለክታ ትጨርሰዋለች። እኔንም ያገባችኝ፣ እሷ እንደምትለው ከሆነ፣ ግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ስላሳዘናት ነው። ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ተማሪዎቿ «እትዬ ሴንቲ» ይሏታል። እሷ ልብስ ስፌት ስታስተምር አረጀች፤ እኔ ደግሞ «ዝም ብለህ ቁም» እየተባልኩ ስለካ።

በወጣትነቷ አንድ የልብስ ቅድ መጽሐፍ ጽፋለች። ዋናው ቁም ነገር ያለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ታጥፈው የገቡት ትልልቅ ወረቀቶች ላይ ነው። የሱሪው፣ የሸሚዙ፣ የቀሚሱ፣ የሕፃን ልብሱም ቅድ በትክክለኛ ልኩ ተስሎባቸዋል፤ ጨርቁ ላይ ዘርግቶ መቁረጥ ብቻ ነው። አሳታሚው መብቱን ጠቅልሎ ወሰደ፣ አንዴ አሳተመ፣ መጽሐፉ አለቀ፣ እሱም ዝም አለ። እንደገና አያሳትመው፣ ለሌላ አይሰጠው! ለተማሪዎቿ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ላድርግ ብትለው እንኳ «የቅጂ መብቱ እኮ የእኛ ነው፣ እትዬ» ይላታል። እሷ ደግሞ ሕግ አክባሪ ናት። የገዛ መጽሐፏን እያየች ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስትስል ኖረች። እኔ ብሆን ኖሮ… ተዉት፣ እኔ ብሆንማ ይሄኔ የምጽፈው ከእስር ቤት ነበር።

ጭንቀቷ አንድ ብቻ ነበር። «እኔ ሳልሞት መጽሐፌ ሞተ» ትላለች። ይህን ስትል ቤታችን ውስጥ ማንም አይቀልድም፣ እኔም ጭምር።

በስተርጅና ሕጉ ተሻሻለ። አሳታሚው ማሳተም የተወውን መጽሐፍ ጸሐፊው ከጠየቀ መብቱ ይመለስለታል ተባለ። ልጃችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምትሠራ ወሬውን ይዛ እየሮጠች የመጣችው እሷ ናት። ባለቤቴ ጮቤ ረገጠች። አመለከተች፣ ተመላለሰች፣ ተጨቃጨቀች፤ መብቱም ተመለሰላት።

«አሁንስ ለማን ልትሰጪው ነው?» አልኳት።

«ለሁሉም! የፈለገ ያንብበው፣ የፈለገ ይገልብጠው፣ ስህተት ያገኘም ያርመው!»

ልጃችን ይህንኑ ፈቃድ ከፊት ገጹ ላይ ጽፋ፣ መጽሐፉን ከነትልልቅ ወረቀቶቹ ስካን አድርጋ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ያን ሰሞን ቤታችን የሰከረ ሰው ቤት ይመስል ነበር። ስልኳ አያርፍም። ከማታውቃቸው ከተሞች ምስጋና ይጎርፋል። እሷ ስልክ በያዘች ቁጥር እኔ ወጥ ቤት ገብቼ እጨፍራለሁ፤ አንድ ድስትም ሰብሬያለሁ።

ከዚያ የሱሪው ጉድ መጣ።

«እትዬ፣ ሱሪው አጥሯል!» አለ አንዱ። «እትዬ፣ ወገቡ አልዘጋ አለ!» አለች ሌላዋ። ልብስ ሰፊዎቹ የእትዬ ሴንቲ ቅድ ነው ብለው፣ ሜትር የሚባል ነገር ሳያስነኩ ነው የቆረጡት። የእሷን ሥራ መልሶ መለካት እንደ ድፍረት ቆጥረውት! ይባስ ብሎ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ አዲሱን ዩኒፎርሙን ለብሶ በመንገዳችን አለፈ። ሱሪው ሁሉ ከቁርጭምጭሚት ብዙ ከፍ ብሎ ቀርቷል። ከበሮ መቺው ጎንበስ ማለት ፈርቶ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሏል። እኔ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ዞር ስል ባለቤቴ ክው ብላ ቆማለች። ዋናውን ወረቀት አውጥታ ለካችው፤ ልክ ነው። ደግማ ለካችው፤ አሁንም ልክ ነው። ታዲያ ምን ነካው? ይህን ስታሰላስል አሳታሚው ደወለ። «አየሽ እትዬ፣ ባለቤት የሌለው መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚያዋርደው» አላት። እሱንስ ባገኘው ኖሮ!

«አውርጂው» አለቻት ለልጃችን።

«እማዬ፣ ትንሽ እንኳ…»

«አውርጂው አልኩሽ! ሞቶ ቢቀር ይሻላል።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። በሳቄ አፈርኩ።

ልጃችን ኮምፒውተሩን ልትከፍት ስትል ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ አላነሳም ስላለች አንስቼ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ከሩቅ ከተማ የሚደውል ልብስ ሰፊ ነው።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ፕሪንተሩ ነው፤ ቅዱን ወረቀቱ ላይ እንዲበቃለት ብሎ በራሱ ጊዜ ያሳንሰዋል። ከኢንተርኔት አውርጄ ያተምኩትን ግድግዳዬ ላይ ካለው ጋር ሳስተያየው አጥሮ አገኘሁት። እና… ያርመው ስላሉ አርሜዋለሁ። በየቅዱ ጥግ ልኳ የተጻፈባት ትንሽ አራት ማዕዘን ጨምሬያለሁ፤ ያተመ ሰው መጀመሪያ እሷን ይለካል። ካጠረች አይቆርጥም።»

ልጃችን ግንባሯን በጥፊ መታች። ባለቤቴ ቀና አለች።

«ግድግዳዬ ላይ ያልከው ምንድን ነው?»

ሰውየው ይናዘዝ ጀመር።

«ልጅ ሆኜ ነው፣ እትዬ። አለቃዬ መጽሐፉ ነበራቸው። ለምሳ ሲወጡ ጠብቄ ቅዱን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ገለበጥኩት። ሳላስፈቅድ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ከእኔ ደግሞ ጓደኞቼ ገለበጡ፣ ከእነሱም ሌሎች። እዚህ ከተማ የሚቆርጥ ሰው ሁሉ በእርስዎ ቅድ ነው የሚቆርጠው። መጽሐፉን ያየው የለም፤ ስምዎን ግን ሁሉም ያውቃል።»

ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ሌባ!» አለችው። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች፣ እየሳቀች ትንሰቀሰቃለች። «አንተ ሌባ፣ እግዜር ይስጥህ! ሌላስ ምን ምን ገልብጠሃል? ሸሚዙስ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«ኮሌታው ያስቸግራል እኮ። እሱም አለ?»

«አለ።»

«ቀሚሱስ?»

«የእሱማ ወረቀት አርጅቶ ሁለቴ ቀይረነዋል።»

ሩቅ አገር የቀሩ ልጆቿን ደህንነት እንደምትጠይቅ እናት አንድ በአንድ እየጠራች ጠየቀችው። ልጃችን ኮምፒውተሩን መልሳ ዘጋችው። በመጨረሻ ባለቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መልሱን እየፈራች፣ «የሕፃን ልብሱስ?» አለችው።

«አለ፣ እትዬ። የእኔም ልጆች በሱ ነው ያደጉት።»