መስቀል የተቀረጸበት ሰም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም የነገርኳቸው ግማሹን ነው... ፈሪ መሆኔን። ያ ፍርሃት ምን እንዳሠራኝ አልነገርኳቸውም።

ጣልያን ሶዶ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ጧፍ ሠሪ ሽማግሌ ሞተው ስለነበር፣ አንዲት መነኩሲት እማሆይ እኛን ሰባት ሴቶች ሰብስበው አሠራሩን ሊያስተምሩን ተነሡ። ለትንሣኤ የሚበራውን ማለት ነው። እያንዳንዳችን ከቤታችን ሰም እንድናመጣ ታዘዝን።

ቤቴ ሁለት ድፍን ሰም ነበረኝ። አንዱን ይዤ ወጣሁ። ሌላው ቆጡ ላይ ቀረ። የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው... ባሌ ጠመንጃውን ሲያስረክብ ስምንት ጥይት አስቀርቶ፣ ከቦዲቲ ገበያ የገዛውን ሰም አቅልጦ ውስጡ ቀብሯቸው ነበር። ጥይት የተገኘበት ቤት ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም አይተናል። ባሌ ሲሞት ድፍኑን መጣልም ፈራሁ፣ ማቆየትም ፈራሁ። በመጨረሻ በቢላ መስቀል ቀረጽኩበት። መስቀል ያለበት ሰም ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ስለት ነውና ፈታሽም ሌባም አይሰብረውም ብዬ።

እማሆይ ትምህርቱን ከፈትሉ ጀመሩ። «ክሩ ከላላ ጧፉ ያለቅሳል፤ ከጠበቀ ይታፈናል» አሉን። ጭናችን ላይ እየገመድን እናሳያቸዋለን። የእኔን አንሥተው፣ «ልጄ፣ ይህ ለጧፍ ነው ወይስ ለአህያ መጫኛ?» ሲሉ ሴቶቹ ሳቁ። በር ላይ የተቀመጠው ወታደርም ሳቀ። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ጠባቂ አይጠፋም ነበር። ይኼኛው የአገራችን ሰው ነው፣ ለጣልያን ያደረ።

ውኃ ቀድቼ ስመለስ የሰሙ ድስት ተጥዷል፣ ጎረቤቴ ብርቅነሽም ደርሳለች። የቦምቤ አገር ልጅ ናት። ባሌ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ከቤቴ አልተለየችም።

«ታ ሚቼ!» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ስለትሽን ረስተሽ መጣሽ እኮ! አብረን እንሂድ ብዬ ቤትሽ ብገባ መስቀሉን አየሁት። ተሸክሜ አመጣሁልሽ። እንዴት ከባድ ነው!»

«የት አለ?»

«የት ይሆናል? ድስቱ ውስጥ ነዋ!»

ድስቱን ሳይ ድፍኑ ግማሽ ወርዷል... የቀረጽኩት መስቀል ከፊቱ ላይ እየጠፋ ነው። ጥይት እሳት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ባሌ ነግሮኛል። ሰባት ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠናል፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ራቁ ብል ወታደሩ ይሰማል። ዝም ብል...

ዝም አልኩ።

እማሆይ በእንጨት አማሰሉ። ከሥር ኪው... አለ። እጃቸው ቆመ። ደግመው አማሰሉ። ኪው፣ ኪው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ድንጋይ ነው!» አለች አንዷ። «ሚዛን እንዲደፋ ከተውበት ነው። እመቤታችንም ትታለላለች እንዴ!»

ሁሉም ሳቁ። ወታደሩ ተነሣ። የበቆሎ ቆሎ እየቆረጠመ መጥቶ ድስቱ ላይ አጎነበሰ።

«የማን ሰም ነው?»

ብርቅነሽ አየችኝ። ፊቴን አይታ የገባት ሌላ ነው፤ ቸግሮኝ ስለቴን በድንጋይ ያከበድኩ መሰላት። አዘነችልኝ።

«የእኔ ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

የሚያሰቅላትን ነገር ነው የእኔ ያለችው። እሷ አላወቀችም። እኔ ግን አውቃለሁ... አሁንም ዝም አልኩ።

«ድንጋዩን አውጡትና ልየው» አለ ወታደሩ፤ ጭልፋውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ!» አሉ እማሆይ። «ክርስቲያን አይደለህም? በሁዳዴ፣ ገና በጠዋቱ፣ አፍህን እያንቀሳቀስክ ለመቅደስ የተለየ ሰም ልትነካ ነው?»

ወታደሩ ማላመጡን አቆመ። ቆሎውን መዋጥም መትፋትም አቃተው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

እማሆይ ጀርባቸውን ሰጥተውት ከሥር ጨለፉ። ነጠላቸው ድስቱን ጋረደው። ወደ እሱ ሲዞሩ ሰም የተቀባ ጠጠር እግሩ ሥር ጣሉለት... ከየት እንዳነሡት እስከ ዛሬ አላውቅም። «ይኸው ድንጋይህ!»

በጫማው ገፋ አደረገው። ከዚያ ብርቅነሽን፣ «አንቺ የድንጋይ ነጋዴ!» ብሏት እየሳቀ ወደ በሩ ተመለሰ። እማሆይ ወዲያው ድስቱን ከእሳት አወረዱት።

ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ብርቅነሽ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቶች ጣታቸውን እስከ ሥሩ ከተው ሳይፈትሹ ከእሷ አይገዙም። «እስቲ ድንጋይ እንዳይኖረው!» ይሏታል። ትስቃለች። አንድ ቀን እንኳ ወደ እኔ ጣቷን አልቀሰረችም።

ጥይቶቹን እማሆይ ከዝቃጩ ጋር የት እንደቀበሯቸው አልጠየቅኳቸውም። ስንለያይ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እነዚህ ጣልያኖች ካገር እስኪወጡ ድንጋይ ነው። ሲወጡ ግን ምን እንደነበረ ትናገሪያለሽ» አሉኝ።

እማሆይ አረፉ። እነዚያም ወጡ። እኔ አልተናገርኩም። ያኔ ወታደር ነበር የፈራሁት... ወታደሩ ሲሄድ ደግሞ ገበያተኛውን ፈራሁ። በኋላም ከማንም ይልቅ የብርቅነሽን ዓይን።

ፊደል የቆጠርኩት ባሌ ከሞተ በኋላ ነው፣ ብቻዬን፣ ከአንድ አሮጌ ዳዊት ላይ። ማንበብ ከመጻፍ ይቀላል። ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ወረቀቱን የምትቀበለው ብርቅነሽ ናት። እሷ ደግሞ ማንበብ አታውቅም... ስለዚህ ፊቷ ተቀምጬ የማነብላት እኔው ነኝ።