አቶ ሎርድን ከጨንቻ ለማውረድ

ሐሙስ ጠዋት

ከአርባ ምንጭ ስነሳ የቀበሌ ይለፍ ወረቀት በኪሴ ነበር። «የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ» ይላል። በሽተኛው ግን ዘመዴ አይደሉም፤ እንግሊዛዊ ናቸው። ሎርድ ማዕረጋቸው ነው፤ የጨንቻ ሰው ስማቸው መስሎት «አቶ ሎርድ» ይላቸዋል። እኔ አናጢ ነኝ፤ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ወጥ ቤታቸው ወይዘሮ ማርታ «ሳይሞቱ ድረስላቸው» ብላ በሹፌር ላከችብኝ። አውርጄ ሆስፒታል ላስተኛቸው ነው የሄድኩት።

በሁለት ብር የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ጫኖ ላይ ተፈተሽን። ላንቴ ላይ ለጨንቻ ገበያ ሙዝ ተጫነ፤ እኛም ሙዙ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ሙቀቱ ቀርቶ ጭጋግና ቀርከሃ ሆነ። ጭቃው መኪናውን ሁለቴ ስለያዘው ወርደን ገፋን።

አቶ ሎርድ የተወለዱት እንግሊዝ አገር፣ በትልቅ ቤት ነው። ግብሩ ሲከብዳቸው አባታቸው ቤቱን አፍርሰው ድንጋዩን ሸጡት። «እኔ ቆሜ አየሁ» ይሉን ነበር። ጨንቻ መጥተው ጣሪያው የወደቀ፣ ከብት የሚያድርበት የድሮ አገረ ገዥ ቤት ሲያዩ ተከራዩት። ሊጠግኑት ከእኛ ከሠራተኞቻቸው ጋር ድንጋይ ተሸከሙ። የጥድ እንጨት ያለ ሚስማር ማጋጠምን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣሪያው የተከደነ ዕለት በሬ አርደው አበሉን፤ በፊታችንም አለቀሱ። አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ ተወርሶ የቀበሌ ሆነ። ቁልፉን በእጃቸው አስረከቡ፤ ማድ ቤቱ ብቻ ተተወላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጨንቻ

ቤቱ ስደርስ የአዳራሹ ወለል ለማገዶ ተነቅሏል። መጻሕፍት የነበሩበት ክፍል እስር ቤት ሆኗል። የቀበሌው ሊቀመንበር አንጁሎ ድሮ ከእኛ ጋር ድንጋይ ያቀብል የነበረ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሽማግሌውን ሆስፒታል ልውሰዳቸው።»

«ውሰዳቸው፤ እኔ ጨካኝ አይደለሁም። ግን በእስር ክፍሉ መስኮት ሰው አመለጠ። ጣውላ ምታበትና ወረቀትህን እፈርማለሁ።»

«ሌላ አናጢ የለም?»

«መስኮቱን የሠራኸው አንተ ነህ።»

እስረኞቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን አወቅሁት፤ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ በኋላ እዚህ ጨንቻ መጥቶ ሰው ሰብስቦ ሲያስጸልይ የተያዘው የአርባ ምንጭ ጎረቤቴ መምህር ዳና ነው። ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«ወንድሜ፣ ከላይ ትንሽ ክፍተት ተውልን። አየር እንኳ ይግባ።»

ጠባቂው ከኋላዬ ቆሟል። አራት ጣውላ መታሁ። ክፍተት አልተውኩም።

አቶ ሎርድ ማድ ቤት ውስጥ ሰሌን ላይ ተኝተዋል። አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል።

«የምን መዶሻ ነው?» አሉኝ።

«ቤቱን እየጠገኑት ነው።»

«ጥሩ። እኔ ፈራሁ ነበር፣ ያፈርሱታል ብዬ።»

ማርታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ዓርብ

አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪናው ድረስ አመጧቸው። ማርታ ቆጮና የሚያቃጥል ዳጣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ እሷ ለመውረድ ፈቃድ አላገኘችም። ዶርዜን አልፈን ዓባያ ሐይቅ ሲታይ ቀና እንዳደርጋቸው ጠየቁኝ። ደረቴ ላይ አስደገፍኳቸው። ጥቂት መታጠፊያ እንደወረድን ክብደታቸው ተለወጠብኝ። ሹፌሩን አላስቆምኩትም። ቆጮውን ሳልቀምሰው አርባ ምንጭ ገባሁ።

ቅዳሜ ቀበርናቸው፤ ስድስት ሰዎች ነበርን።

እሑድ፣ ቤቴ

ጨንቻ መሄዴን ሰምታ የመምህር ዳና ሚስት መጣች። ባለቤቴ ወንበር ሰጠቻት።

«አየኸው?»

«አየሁት። በሕይወት አለ።»

«ደረቱን ያመዋል። ክፍሉ መስኮት አለው?»

አለው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ለሽማግሌው መዋሸት አልከበደኝም፤ ለእሷ መዋሸት ግን ከበደኝ።

«ነበረው» አልኳት። «እኔ ዘጋሁት።»

እጆቼን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ የቀረበላትን ውኃ አልነካችም።

አንድ ሰው ላድን ሄጄ ሬሳ ይዤ ተመለስኩ፤ ይህ የእግዜር ሥራ ነው። ጉዞው ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው፦ እጄ ሲያዝዙት እንዴት ፈጥኖ እንደሚታዘዝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቀውም ነበር።