ጋሼ ዳና ሞተር የሆኑ ቀን

ሐሙስ ዕለት ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ጋሼ ዳና በረንዳ ሄድኩ። የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ እሑድ ነው። የልጄን የዱንጉዛ ቀሚስ ልቀበል ነበር የሄድኩት...

ጋሼ ዳና እዚሁ ሶዶ ገበያው አጠገብ፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የእኔን የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርም የሰፉትም እሳቸው ናቸው። ጨርቁን ከሰጠኋቸው ሦስት ሳምንት አልፎታል። ያን ቀን ሳየው ግን በፌስታሉ እንዳለ ነው፤ መቀስ እንኳ አልነካውም።

«ከጊፋታ በኋላ መጀመሪያ የምሰፋው ያንቺን ነው» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ለጊፋታ የተገዛ ዱንጉዛ ከጊፋታ በኋላ ምን ያደርግልኛል?

ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ልጄ ቃልኪዳን ስምንት ዓመቷ ነው። የሰፈር ልጆች ሁሉ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመራቸውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ በሹራብ ከኋላ ቆመች። ፎቶው ላይ ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየው። ዘንድሮ «ከፊት ትቆሚያለሽ» ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።

ፌስታሉን አነሳሁና «ራሴ እሰፋዋለሁ» አልኩ። በረንዳው ላይ ያሉት ደንበኞች ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ።

«በምንሽ?» አሉ ጋሼ ዳና።

«መኪና አለኝ።»

«መኪናውማ ይኖራል። እልህ ግን ክር አይሆንም ልጄ።»

እውነቱን ለመናገር መኪናው ያለው ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ ካርቶኑም አልተከፈተም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ካመጣልኝ ሦስት ዓመቱ ነው። ብርድ ልብስ ነው የምንደርብበት። አርብ ከሥራ መልስ አወረድኩት። መመሪያው ቻይንኛ ነው፤ ስዕል ግን አለው። እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ... ያልገባኝን ወረቀት አፍጥጦ ማየት ለምጃለሁ።

ክሩን እንደ ስዕሉ አስገባሁ፣ ሶኬቱን ሰካሁ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ። ከጨርቁ ስር የወፍ ጎጆ የሚያህል ክር ተተበተበ። ፈታሁት። እንደገና ተተበተበ። አሁንም ፈታሁት... አሁንም ተተበተበ።

ቃልኪዳን አጠገቤ ቁጭ ብላ የተበጣጠሰውን ክር ትለቅማለች። «እማ፣ ዘንድሮም አይደርስም አይደል?» አለችኝ።

«ይደርሳል» አልኳት። እንዴት እንደሚደርስ ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ስዕሉን በጣቴ እየተከተልኩ እንደገና ሳየው አንድ ነገር አስተዋልኩ። ክሩ ሲገባ ጨርቁን የምትጫነዋ ብረት ወደ ላይ ተነስታለች። እኔ ለካ ወርዳ እያለች ነው የማስገባው፤ ክሩ ቦታው አይገባም። አነሳኋት፣ ክሩን አስገባሁ፣ መልሼ አወረድኳት። በአሮጌ የትራስ ጨርቅ ላይ ሞከርኩ... ቀጥ ያለ ስፌት ወጣ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አሁን የቀረው መቁረጥ ነው። መቀሱን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። ስፌት ቢበላሽ ይፈታል፤ የተቆረጠ ዱንጉዛ ግን ተመልሶ አይገጥምም።

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ዳና ናቸው። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ ደብተራቸው ብብታቸው ስር።

«የልጅቱ ልክ እኔ ጋ ነው። ያለ ልክ ምን ልትሰፊ ነው?» አሉና ገቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደንበኛ በረንዳ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት። አንቺን ያለበስኩ ሰው ልጅሽን ሁለት ዓመት ላስለቅስ አልችልም» አሉኝ።

ኩርፊያዬ ግማሹ እዚያው ለቀቀኝ።

ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ አሠመሩ፣ ቆረጡ። ከዚያ «ተነሺ» ብለው መኪናው ላይ ተቀመጡ። እኔም በሆዴ በቃ ተገላገልን አልኩ።

አልተገላገልንም። የጋሼ ዳና እግር ዕድሜ ልኩን የሠራው እየተወዛወዘ ነው... ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። የኤሌክትሪኩንም ፔዳል እንደዚያው አደረጉት። መኪናው ድርርር ይልና ይቆማል... ድርርር ይልና ይቆማል።

«ተጭነው ይያዙት እንጂ አይወዝውዙት» አልኳቸው።

አንድ አፍታ ይይዙታል፤ ወዲያው እግራቸው በራሱ ጊዜ ይጀምራል። ቃልኪዳን አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች።

ጋሼ ዳና ተነሱ። ላባቸውን ጠረጉና «ይሄ መኪና እግሬን አያውቀውም። አንቺ ተቀመጪ» አሉ።

ተቀመጥኩ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው «ቀስ... ቀዩን ከቀዩ አገናኚ... አትሳቢው፣ ራሱ ይሄዳል...» እያሉኝ አንዱን ጎን ጨረስን። ሁለተኛውን ጎን እንደጀመርን መብራት ሄደ።

ቃልኪዳን መሳቋን አቆመች። አምፖሉን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሄዳ ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

ጋሼ ዳና ዱካ ስበው በቀኜ ተቀመጡ። መኪናው ጎን ላይ ያለውን መዘውር በእጃቸው ዞር አደረጉት። መርፌው ወረደ፣ ወጣ።

«አንቺ ጨርቁን ያዢ። እኔ አዞራለሁ» አሉ።

ሶዶ ውስጥ ስንቱ ደጅ የሚጠናቸው ሰው እኔ ቤት ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ሞተር ሆኑልኝ። «ይቁሙ» ስላቸው ይቆማሉ፣ «ይቀጥሉ» ስላቸው ያዞራሉ። ታችኛው ጠርዝ ላይ ስንደርስ መብራት መጣ። ሦስታችንም አምፖሉን ቀና ብለን አየነው።

«ተይው፣ ለምደነዋል» አሉና ማዞራቸውን ቀጠሉ።

እሑድ ጎረቤታችን ቃልኪዳንን «ማን ሰፋልሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እማ ናት» አለች ኮራ ብላ። «ጋሼ ዳና ሞተር ነበሩ።»

ዘንድሮ ፎቶው ላይ ከፊት ነው የቆመችው። በመብራት የሰፋነው ጎን ቀጥ ብሏል፣ በእጅ ያዞርነው ጎን ትንሽ ጠመም ብሏል... ከኋላ ብትቆም ኖሮ ማንም አያይብኝም ነበር።