አልጣሽ «የለም» ያለች ቀን

አልጣሽን የማያውቅ የዴንቨር ሐበሻ ካለ ታሞ የማያውቅ ነው። እገሌ ሆስፒታል ገባ ሲባል ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ሾርባዋን በፔርሙዝ ይዛ ከች ትላለች፣ ትራስ ታስተካክላለች፣ ነርሶቹን ሳይቀር ታዛለች። በሱዳን በኩል በስደት መጥታ፣ ሎውሪ ሰፈር አጠገብ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ ኖራ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር እኔ ጎን ቤት ገዛች። እኔ ኣስካለ እባላለሁ፤ አስመራ በአማርኛ የተማርኩ፣ ምላሴ የማያርፍ ሴት ነኝ። አጥራችን አንድ ስለሆነ ጓዳዋን አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ለካ ምንም አላውቅም!

ባሏ ግዛው የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነው። ከፋሲካ ወዲህ አላየሁትም። ስጠይቃት ሺፍቱ ማታ ሆኗል፣ ቀን ይተኛል ትለኛለች። ከመኝታ ቤታቸው የሚሰማው ድምፅ ምንድነው ብላት ኤሲ ነው አለችኝ። አመንኳት። ባልንጀራዬ ትዋሸኛለች ብዬ እንዴት ላስብ?

በዚያው ዓመት ሰመር ላይ የመብራት ካምፓኒው የሰፈራችንን ቆጣሪ መቀየር ጀመረ። የድሮው ቆጣሪ በሬድዮ ነበር የሚነበበው፤ በየወሩ አንድ ቫን በመንገዱ እያለፈ ይለቅመዋል። አዲሱ ስማርት ሜትር ግን ራሱ ይልካል፤ ቫንም ነጂም አይፈልግም። ለቅየራው የተላከው እንዳልክ ሆነ፣ የእነ አልጣሽ ቤተ ክርስቲያን ልጅ። ያንኑ ቫን ሲነዳ ኖሮ፣ ሥራው ሊቀር ሲል ቅየራውን የተማረ ጨዋ ልጅ ነው። የእኔን ጨርሶ ወደ አልጣሽ ሄደ። እኔ ጎመኔን ውሃ አጠጣለሁ።

አልጣሽ በር ከፍታ ስታየው ፊቷ ልውጥ አለ። እንዳልክ ሰላምታ ሰጥቶ፣ መብራት ለጥቂት ደቂቃ እንደሚጠፋ ነግሯት፣ ሰውን ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቃት።

«እትዬ አልጣሽ፣ ቤት ውስጥ በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ አለዎት?»

«የለም» አለችው።

ፈረንጅ ቢሆን የጠየቃት እውነቱን ትነግረው ነበር። ፈረንጅ ለማን ያወራል? እንዳልክ ግን እሑድ እሑድ የሚያስቀድሰው ከእሷው ሰዎች ጋር ነው።

ልጁ አምኗት የድሮውን ቆጣሪ ነቀለ። አዲሱን ሊሰካ ሲል፣ መሰኪያው በእርጅና ተቃጥሎ ኖሮ አንዱ ብረት ተሰብሮ እጁ ላይ ቀረ። ኤሌክትሪሻን እንዲልኩ ደወለ፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል አሉት። ይሄኔ ከውስጥ አንድ ነገር ሳያቋርጥ ይጮህ ጀመር። እንዳልክ ቀና ብሎ ምንድነው ሲላት፣ የጭስ መጠቆሚያው ነው አለችው። እግዜር ይይላት፣ አሁንም ከበሩ ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ሳል ተሰማ። የሚታገል ሰው ሳል። የውሃውን ጎማ ጥዬ ሮጥኩ።

«ግዛው ነው!» አለች። «በኦክስጅን ማሽን ነው ያለው፤ ሳንባው አልቋል። ድረሱልኝ!»

መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር የላችሁም ወይ ብላት፣ የሚያመጡት ሰዎች መኪናቸው ደጅ ሲቆም ይታያል ብላ አታምጡ ብላቸው ኖሯል። ደሜ ፈላ፤ ግን የቁጣ ጊዜ አልነበረም። እንዳልክ ናይን ዋን ዋን ደውሎ አምቡላንስ እየጠራ ከመኪናው ረጅም ኤክስቴንሽን አወጣ። እኔ ኩሽና ሰክተን፣ በአጥር ላይ አሳልፈን፣ በመኝታ ቤቱ መስኮት አስገባነው።

ግዛው አልቆ ቆዳና አጥንት ሆኗል። ከንፈሩ ጠቁሮ ዓይኑ ፈጧል። ማሽኑ ተነሣ፤ ኤሲ ነው ያለችኝ ድምፅ ይሄው ኖሯል። እጁን ይዤ፣ ማርያም ማርያም እያልኩ ደረቱን ደረቱን አያለሁ። አምቡላንሱ ሳይደርስ ትንፋሹ ረጋ አለ።

አልጣሽ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንዳልክን ትለምናለች። ለማንም እንዳይተነፍስ፣ የባሏን ክብር እንዳያስደፍር በልጆቹ ታስምለዋለች። ልጁም ግራ ገብቶት እሺ፣ እሺ ይላል።

ግዛው ቱቦውን ከአፍንጫው ገለጥ አደረገ።

«ተናገር እንጂ» አለው። «ባልንጀሮቼ እነ ብርሃነመስቀል ይስሙ። አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቀኝ ሲቀር፣ ሰው ሁሉ ረስቶኝ ነው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከረምኩ። ለካ መታመሜን የነገራቸው የለም!»

አልጣሽ ልመናዋን አቆመች።