በመላጊያ ያጠፋሁት ፊደል

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ እኔ ወደ ሠላሳ ዓመቴ ስጠጋ ነው። ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ግን መሳቢያ በሳብኩ ቁጥር ይመጣብኛል፤ መሳቢያ የሌለበት ቤት ደግሞ የለም። ሌሎች አንባቢዎች በዚህ ዓምድ ደግ ሰው እንዳጋጠማቸው ይጽፋሉ። እኔን ያጋጠመኝ ሰው ደግ አልነበረም። እኔም አልነበርኩም።

ያን ጊዜ ሶማሌ ተራ ኩሊ ነበርኩ። ጆንያ ስሸከም ጀርባዬ አለቀ። አንድ ቀን የዋንዛ ጣውላ ተሸክሜ አማኑኤል አካባቢ ጋሽ ተሰማ የሚባል እንጨት ሠሪ ዘንድ አደረስኩ። በፊቱ አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን አንቱ አልለውም፤ ምክንያቱን ታያላችሁ።

ጣውላውን አውርጄ ላቤን ስጠርግ አንድ ሣጥን አየሁ። ማዕዘኑ ላይ አንድም ምስማር የለም። የአንዱ ጣውላ ጫፍ እንደ ጥርስ ተቆርጦ የሌላውን ጣውላ ነክሶ ይዞታል። ጥርሱ ጫፉ ሰፋ፣ ሥሩ ጠበብ ያለ ስለሆነ በሬ ቢጎትተው አይላቀቅም። በጣቴ ዳሰስኩት። ጥፍር አያስገባም።

«ጋሼ፣ ምስማሩ የት ገባ?»

«ምስማር ለፈረስ ኮቴ ነው» አለኝ ቀና ሳይል።

በሳምንቱ ተመልሼ ያስተምሩኝ ብዬ ለመንኩት። ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ አየና «ከመጥረጊያው ትጀምራለህ» አለኝ። ጀመርኩ።

ማስተማር ብሎ ነገር ግን እሱ ዘንድ የለም። አንድ ዓመት ሙሉ ጠረግኩ፣ መሮ ሳልኩ፣ ጣውላ ላግኩ። ጥርሱን ሲቆርጥ ላይ ስጠጋ ጀርባው ይጋርደኛል። «ጋሼ፣ ስንት ሴንቲ ነው?» ስለው «እንጨቱን ጠይቀው» ይለኛል። እንጨቱን ብጠይቀው ኖሮ አማኑኤል ሆስፒታል ቅርብ ነበር።

ከኔ በፊት የገባ ከድር የሚባል ሠራተኛ ነበረው፤ እጁ ጥሩ፣ አፉ ቁጥብ። እሱም ቢሆን ሲጠየቅ ወደ ጋሽ ተሰማ በአገጩ ከመጠቆም ሌላ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ቁርጥራጭ እንጨት ላይ እንድሞክር ፈቀደልኝ። ስቆርጥ እውላለሁ። የገጠምኩትን አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን ያደርግና በአንድ ዓይኑ ያያል።

«ከድር፣ ና እይ! በዚህ በኩል ሶማሌ ተራ ይታየኛል» ይልና ኮላ የሚፈላበት እሳት ውስጥ ይወረውረዋል። የኔ ሥራ ስንቱን ኮላ እንዳፈላ እኔ ነኝ የማውቀው። የት ጋ እንደተበላሸ አይነግረኝም። መጋዜ ያዘነብል እንደሆነ፣ መሮዬ ከመስመሩ ያልፍ እንደሆነ አንድ ቃል የለም።

ታኅሣሥ ላይ እትዬ አስካለ የምትባል የሰባተኛ ሰፈር ነጋዴ ለልጇ ሠርግ ትልቅ ሣጥን አዘዘች። ሠርጉ በጥር ነው። ጋሽ ተሰማ አራቱን ጣውላ ፊቴ ደረደረና እንዲህ አለኝ፦

«ማዕዘኖቹን አንተ ትቆርጣለህ። ከገጠመልህ ያ የሥራ ጠረጴዛ ያንተ ነው። ካልገጠመ ጆንያህ የት እንዳለ ታውቀዋለህ።»

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ልንገር። ይህ ጥርስ በልክ አይቆረጥም፤ በዓይን ነው። መጀመሪያ የአንዱን ጣውላ ጥርስ ትቆርጣለህ፤ ከዚያ እሱን ሌላው ጣውላ ላይ አጋድመህ በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ትጭራለህ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጫፍ የሚገጥመው ከገዛ ጓደኛው ጋር ብቻ ነው። ሌላ ጋ ብትወስደው እንቢ ይላል። እንዳይምታታ ጋሽ ተሰማ ጥንድ ጥንድ በሆኑት ጫፎች ላይ በእርሳስ አንድ ዓይነት ምልክት ያደርጋል። «ፊደሉን አድርጌበታለሁ» ይላል ሁልጊዜ።

እኔ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም። ለማንም አልተናገርኩም። ወረቀት ሲሰጡኝ «ዓይኔን ያመኛል» እል ነበር። ስለዚህ ፊደሉ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። በራሴ ግምት የባለቤቱን ስም የሚጽፍ ይመስለኝ ነበር።

ምልክቱን አድርጎ ጣውላዎቹን ሰጠኝና ለሁለት ቀን ለቅሶ ሄደ። ቆረጥኩ። እግዜር ያውቃል፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቆርጬ አላውቅም። መጋዙ በመስመሩ ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰ። በየጫፉ ሰባት ሰባት ጥርስ። እያንዳንዱን ማዕዘን ላላ አድርጌ ሞክሬ አላቀቅኩት፤ ሁሉም ገባ። ደስታዬን የት ላድርሰው! ጋሽ ተሰማ ሲመጣ አፉን ይዞ እንዲቀር ብዬ ጣውላዎቹን ፊትና ኋላ እስኪያንጸባርቁ ላግኋቸው። በእርሳስ የተጫጫረውንም ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁ። የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የሙሽራ ሣጥን ላይ ጭረት ምን ይሠራል? አራቱንም ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

ቅዳሜ መጣ። እትዬ አስካለም ሣጥኗን ልታይ መጥታ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ተሰማ ኮላውን አሙቆ አንዱን ጣውላ አነሳ። ገለበጠው። ሌላውን አነሳ። ገለበጠው።

«ፊደሉ የት ሄደ?»

«ላግኩት፣ ጋሼ። ቆሻሻ መሰለኝ።»

ከድር እጁ ላይ የነበረውን አስቀመጠ።

ጋሽ ተሰማ አንዱን ከአንዱ ጋር መሞከር ጀመረ። አይገባም። ቀየረው። አይገባም። ይባስ ብሎ ስልግ ጣውላው ሳስቷል፤ ትክክለኛው ጓደኛው ሲገኝ እንኳ ይወላገዳል። ሰው ፊት መሆኑ አላስቻለኝም። መዶሻውን ነጥቄ «ይገባል ጋሼ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ!» ብዬ መታሁ። ጣውላው ጧ! ብሎ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ።

«ውይ! የልጄን ሣጥን!» አለች እትዬ አስካለ።

ጋሽ ተሰማ መዶሻውን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደ።

«አንተ፣ ፊደል አትለይም እንዴ?»

«እለያለሁ። ዓይኔን ስለሚያመኝ ነው እንጂ…»

«ዓይንህን ምንም አላመመውም። አንተ ራስህ ዕውር ነህ! ፊደል ያልቆጠረ ሰው እኔ ቤት መሮ አይነካም። ውጣ!»

ከድር አቀርቅሮ መሮ ይስላል። ወጣሁ። በማግሥቱ ሶማሌ ተራ ጆንያ ተሸከምኩ።

በእልህ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከሥራ በኋላ ለትልልቅ ሰዎች የሚያስተምሩበት ቦታ ነበር። ወንበሩ የልጆች ስለሆነ ጉልበቴ ደረቴን ይመታል። ሀ ሁ ስል እንባዬ የሚመጣው ስለከበደኝ አይደለም፤ የጋሽ ተሰማ ድምፅ ስለሚመጣብኝ ነው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ለማንበብ በቃሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ሰባተኛ ሰፈር ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃ እንድሸከም ጠራኝ። ከዕቃው መሐል የጋሽ ተሰማ ኮመዲኖ አለ፤ ሥራውን የትም አውቀዋለሁ። እንዲቀለኝ መሳቢያዎቹን አወጣሁ። ከውስጥ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ያ የእርሳስ ምልክት አለ። አሁን ማንበብ እችላለሁ! ጎንበስ ብዬ አየሁት።

አንዱ የዶሮ እግር ይመስላል። አንዱ ማረሻ። አንዱ ክብ ሆኖ መሐሉ ሰረዝ። ዘቅዝቄ አየሁት። አዙሬ አየሁት። ሀም አይደለም፣ ለም አይደለም፣ ቁጥርም አይደለም። ፊደል የሚባል ነገር አልነበረም።

መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ተሰማ ደብዳቤ ሲመጣ «ከድር፣ ድምፅህ ጥሩ ነው፣ አንብበው» ሲል የነበረው ታወሰኝ። ሰውየው ራሱ ማንበብ አይችልም! ከድር ደግሞ ያውቃል፤ እኔ ስባረር እያወቀ መሮ ይስላል።

በማግሥቱ ጋዜጣ ገዝቼ ጋሽ ተሰማ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። ደስ አለኝ፤ ሰው እንዲኖር ነው የፈለግኩት።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ። ዓይኔን ያመኛል» አልኩት።

ከድር መጋዙን አቆመ። ጋሽ ተሰማ ጋዜጣውን ተቀብሎ ትንሽ አየው።

«መነጽሬ ቤት ቀርቷል።»

«መነጽር አድርገው አይቼዎት አላውቅም።»

አልተቆጣም። ይቆጣል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። ደንበኞቹን ነገ ኑ ብሎ ሸኘና ጋዜጣውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሁለት ቁራጭ እንጨትና መጋዝ ወደ እኔ ገፋ።

«ቁረጥ።»

ቆረጥኩ። ሁለት ዓመት መጋዝ አልነካሁም፤ እጄ ድንጋይ ሆኗል። ገጥሞ ወደ በሩ ብርሃን አደረገው። ስድቡን ጠበቅኩ። አልሰደበኝም። አውራ ጣቱን ክፍተቱ ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ መስመሩን ራሱን ትቆርጠዋለህ» አለኝ። «መስመሩ መቅረት አለበት። ከመስመሩ ወዲህ፣ በሚጣለው በኩል ነው የሚቆረጠው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሕተትህ ይኸው ብቻ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ቃል ይህ ነበር። ይህን ለመናገር ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል?

ከዚያ ዱካውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ተቀመጥ። እኔ ጥርሱን ላሳይህ፣ አንተ ደግሞ…» ብሎ ጣቱን ጋዜጣው ላይ አሳረፈ። አልጨረሰውም። አልጨረሰውም እንጂ ገብቶኛል። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ ያ ፊት እኔ በልጆች ወንበር ላይ የነበረኝ ፊት ነው።

«ፊደል ያልቆጠረ ሰው እኔን አያስተምረኝም» ብዬው ወጣሁ።

እስከ ሶማሌ ተራ ድረስ ቁመቴ ጨምሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልቆየም።

ጋሽ ተሰማ ብዙም ሳይቆይ ታሞ ሱቁ ተዘጋ። ሞቱንም የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። እኔ በመጨረሻ የራሴን ቤት ከፍቼ አልጋና ወንበር በምስማርና በኮላ እሠራለሁ። ይሸጣል። መስመሩን አስቀርቼ ስንት ጊዜ ብቻዬን ሞከርኩ። አሁንም አንድ ጥርስ ይገባል፣ ሌላው ይንገዳገዳል። ሌላም የሚነግረኝ ነገር ነበረው ማለት ነው።

በእሱ አሁንም እናደዳለሁ። ሞቷል ብዬ አልተውኩትም። አንድ ቃል ነፍጎኝ ሁለት ዓመቴን እሳት ውስጥ ጨምሯል፤ የራሱን ነውር በኔ ላይ አላክኳል። ግን ከዚያ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ተቀመጥ ብሎኝ ነበር። ዱካው ከእግሬ ሥር ነበር። ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።